የእንሰትና የቡና ጠባቂው ውሻ መኖ፦ የበሰለና የተመጣጠነ ቀለብ ከቤት ድስት

ከዲላ በስተ ደቡብ በይርጋ ጨፌ ወረዳ የምትገኘው አሪቻ በቡናዋ የታወቀች ናት። የአሪቻ ገበሬ ግን ቡናውን ሸጦ የሚኖር ብቻ አይደለም። ከቡናው ሥርና ከዋርካው ጥላ መካከል እንሰት ተክሎ፣ በዓመታት ትዕግሥት አሳድጎ፣ ፍቆና አብላልቶ ቤተሰቡን የሚመግብ ነው። ይህ አተካከል ዓለም አቀፍ ዕውቅና አግኝቶ በ2023 እ.ኤ.አ. የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በሚል ስም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። አራትና አምስት ዓመት የተጠበቀን እንሰት ግን ጃርት በአንድ ሌሊት አሚቾውን ቆፍሮ ሊጥለው ይችላል። የዱር አሳማም እንዲሁ። ስለዚህ በአካባቢው ያለ ገበሬ ውሻ የሚያሳድገው ለጨዋታ ሳይሆን ለሥራ ነው። ቀይ ቡና በሚለቀምበትና ታጥቦ አልጋ ላይ በሚሰጣበት ወራትም የማስጫውን ዙሪያ ሌሊት የሚጠብቀው ይኸው ውሻ ነው።

ስለ በሬና ስለ ላም አመጋገብ ብዙ ተጽፏል። ስለ ውሻ ግን የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ተጠይቆ የሚሰጠው ምክር ጥቂት ነው። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ክፍተቱን ለመሙላት ሲሆን፣ ዋናው ሐሳብ ይህ ነው፦ የአካባቢው ውሻ በብዛት የሚበላው የቆጮ ትራፊና በበዓል ቀን የሚጣልለት ጥሬ ሳንባ ነው። የመጀመሪያው ውሻውን አይገነባውም፤ ሁለተኛው ደግሞ በውሻው በኩል ለበጉና ለልጁ በሽታ ያመጣል። ሁለቱንም ጉዳት በአንድ ድስት ማስወገድ ይቻላል።

የቆጮ ትራፊ ለምን አይበቃም?

ቆጮ ጥሩ ኃይል ሰጪ ምግብ ነው። ገንቢ ምግብ ግን አይደለም። በ100 ግራም ቆጮ ውስጥ የሚገኘው ፕሮቲን ወደ 1 ግራም ብቻ ነው፤ ቡላ ከዚህም ያንሳል። ሰው ቆጮውን ከጎመን፣ ከአይብ፣ ከቦሎቄና ሲገኝም ከሥጋ ጋር ስለሚበላው ጉድለቱ ይካካስለታል። ለውሻው የሚደርሰው ግን ማባያው ካለቀ በኋላ የተረፈው ቆጮ ብቻ ነው።

ነገሩን በቁጥር እንመልከተው። 15 ኪሎ ግራም የሚመዝን፣ ሌሊት ሲዞር የሚያድር ሙሉ ውሻ በቀን 900 ካሎሪ ገደማ ኃይልና ወደ 40 ግራም የሚጠጋ ፕሮቲን ያስፈልገዋል። ኃይሉን ሁሉ ከቆጮ ቢያገኝ ግማሽ ኪሎ ያህል በልቶ ሆዱ ይሞላል፤ ከሚያስፈልገው ፕሮቲን የሚያገኘው ግን ከአሥር እጅ አንዱን ያህል ነው። ሆዱ ተነፍቶ ጀርባው የሚሰልል፣ ፀጉሩ የሚሻክር፣ ቁስሉ ቶሎ የማይድን ውሻ በመንደሩ ብዙ ጊዜ የሚታየው ከዚህ የተነሣ ነው። ትል ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል።

አንዳንድ ገበሬዎች «ውሻ ከጠገበ ይተኛል፤ የራበው ነው የሚጠብቀው» ይላሉ። የልማት ሠራተኛው ይህን አባባል በትዕግሥት መመለስ ይኖርበታል። የራበው ውሻ ጓሮውን ትቶ ወደ ገበያ፣ ወደ ሥጋ ቤት ጀርባና ወደ ጎረቤት ዶሮ ይሄዳል። እዚያም ከማያውቃቸው ውሾች ጋር ይናከሳል፤ የእብድ ውሻ በሽታም የሚዛመተው በዚሁ መንገድ ነው። አባቶች «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ያሉትን እዚህ ላይ ማስታወሱ ይበቃል።

ጥሬ ሳንባና የውሻው ኮሶ

በአገራችን በግና በሬ ሲታረድ ጉበቱና ጨጓራው ለሰው ይቀርባል። ሳንባው ግን ብዙውን ጊዜ ለውሻ ይወረወራል። በከብትና በበግ ሳንባና ጉበት ላይ ውሃ የቋጠሩ፣ ከአተር እስከ ብርቱካን የሚያህሉ፣ ነጣ ያለ ሽፋን ያላቸው ፊኛዎች መታየታቸው ለአራጆች አዲስ ነገር አይደለም። ይህ የውሃ ቋጠሮ በሽታ በሳይንሳዊ አጠራሩ ሃይዳቲድ ይባላል። በቋጠሮው ውስጥ በዓይን የማይለዩ የትል ራሶች አሉ። ውሻው ጥሬውን ሲውጠው እነዚህ ራሶች በአንጀቱ ተጣብቀው ከሩዝ ፍሬ የማይበልጡ ትንንሽ የኮሶ ትሎች ይሆናሉ፤ ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላም እንቁላላቸው ከውሻው ዓይነ ምድር ጋር መውጣት ይጀምራል። ውሻው ራሱ ምንም ሕመም ላያሳይ ይችላል። ችግሩን ከባድ ያደረገውም ይኸው ነው።

እንቁላሉ በሣሩ ላይ ሲቀር በጉ ይግጠዋል። በጎመን መደብ ላይ ሲቀር ወይም በውሻው ፀጉር ላይ ሲጣበቅ በሕፃን እጅ በኩል ወደ አፍ ይገባል። በሰው ሰውነት ውስጥ ቋጠሮው በጉበት ወይም በሳንባ ላይ በዝግታ ያድጋል፤ በልጅነት የተያዘ ሰው ሕመሙ የሚታወቀው ከብዙ ዓመት በኋላ ሊሆን ይችላል። ሕክምናውም ብዙ ጊዜ ቀዶ ጥገና ወይም ወራት የሚፈጅ መድኃኒት ይጠይቃል። ጌዴኦ አሁን ባለችበት በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ፣ በደቡብ ኦሞ በሚኖሩት በዳሰነች፣ በኛንጋቶምና በሐመር አርብቶ አደሮች ዘንድ በሽታው በሰው ላይ መኖሩ በጥናት የተረጋገጠ ነው። የአሪቻ አኗኗር ከእነርሱ የተለየ ቢሆንም የትሉ መንገድ አንድ ነው፦ ጥሬ የሆድ ዕቃ፣ ውሻ፣ እጅ።

የበግ ጭንቅላትም እንዲሁ በጥሬው መጣል የለበትም። የደጋ ገበሬዎች አዙሪት የሚሉት፣ በጉ አንገቱን አጣሞ በአንድ ወገን እየዞረ የሚሞትበት በሽታ የሚመጣው ሌላ ዓይነት የውሻ ኮሶ በበጉ አንጎል ውስጥ ቋጠሮ ሲሠራ ነው። ውሻው ትሉን የሚያገኘው ያንኑ አንጎል በጥሬው በመብላት ነው። በጉ የሞተበት ገበሬ ጭንቅላቱን ለውሻው ሲሰጥ የሚቀጥለውን በግ ሞት እያዘጋጀ መሆኑን አያውቅም፤ ይህን ማስረዳት የእኛ ሥራ ነው።

በጽሑፍ ብቻ ምን ይገኛል ለሚል አንድ የሩቅ አገር ታሪክ እንጥቀስ። በአይስላንድ ደሴት ይህ የውሃ ቋጠሮ በሽታ ሕዝቡን ክፉኛ ያጠቃ ነበር። ሐራልድ ክራበ የተባለው የዴንማርክ ሊቅ በ1863 እ.ኤ.አ. ወደዚያ ሄዶ 100 ውሾች ቢመረምር በ28ቱ አንጀት ትሉን አገኘ። በማግስቱ ዓመት በ1864 እ.ኤ.አ. የበሽታውን አካሄድና መከላከያውን የሚገልጽ አነስተኛ መጽሐፍ ታትሞ በነፃ ለየቤተሰቡ ታደለ። የአይስላንድ ገበሬ ማንበብ የሚወድ ስለነበረ ጽሑፉ ተነበበ። ቋጠሮ ያለበትን የሆድ ዕቃ ለውሻ መስጠት እየቀረ ሄደ፤ ሕጉም ተከተለ፤ ከጊዜ በኋላ በሽታው ከደሴቲቱ ጠፋ። በዚያን ዘመን ትሉን በአስተማማኝ ሁኔታ የሚገድል የዛሬው ዓይነት መድኃኒት አልነበረም።

ድስቱ እንዴት ይሠራል?

በቅድሚያ ውሻው ይመዘን። የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ቀይ ቡና የሚረከብበት የመሬት ሚዛን ለዚህ ይበቃል። ባለቤቱ ብቻውን ይመዘን፤ ከዚያም ውሻውን ታቅፎ ይመዘን፤ ልዩነቱ የውሻው ክብደት ነው። (ሚዛኑ ቡና ከመመዘኑ በፊት በሚገባ መታጠብ እንዳለበት ለማኅበር ሰው መንገር አያስፈልግም ይሆናል፤ ግን ይነገር።)

ለ15 ኪሎ ውሻ የአንድ ቀን ቀለብ እንደሚከተለው ነው። የበቆሎ ወይም የገብስ ዱቄት 150 ግራም። ዱቄት ከሌለ በምትኩ 250 ግራም ያህል ቆጮ ይገባል። በአንድ ሌሊት የተዘፈዘፈ ባቄላ ወይም ቦሎቄ፣ ደረቁ ሲመዘን 50 ግራም። ሰው የማይበላው ሳንባ፣ ጣፊያ ወይም የሥጋ ቁርጥራጭ 150 ግራም፤ ከዚህ ውስጥ ጉበት ቢገኝ ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ባይበልጥ ይመረጣል። ጉበት በቫይታሚን ኤ የበለጸገ ስለሆነ ጥቂቱ ይጠቅማል፤ በየቀኑ ብዙ ከተሰጠ ግን አጥንትን ይጎዳል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ሞራ ወይም ዘይት። አንድ እፍኝ የተከተፈ ጎመን ወይም ዱባ። በሁለት ጣት የተቆነጠረ አዮዲን ያለው ጨው። በመጨረሻም የግማሽ እንቁላል ቅርፊት ዱቄት። ይህ ሁሉ ሲደመር 950 ካሎሪ ገደማና ወደ 50 ግራም ፕሮቲን ይሰጣል። ዱቄቱ በቆጮ ሲተካ ፕሮቲኑ ወደ 40 ግራም ይወርዳል፤ በዚያን ጊዜ ባቄላውን በአንድ እፍኝ ከፍ ማድረግ ይሻላል።

የእንቁላሉ ቅርፊት ነገር ብዙዎችን ስለሚያስገርም ማብራሪያ ያስፈልገዋል። ሥጋና እህል ፎስፈረስ አላቸው፤ ካልሲየም ግን የላቸውም ማለት ይቻላል። የሁለቱ ሚዛን ሲዛባ ሰውነቱ ካልሲየሙን ከገዛ አጥንቱ ይወስዳል። እግራቸው የተንጋደደ ቡችሎች፣ ከትንሽ ዝላይ በኋላ የሚሰበር አጥንት የዚህ ምልክቶች ናቸው። የአንድ እንቁላል ቅርፊት ወደ 2 ግራም ካልሲየም አለው፤ ግማሹ ለአንድ ቀን ይበቃል። ቅርፊቱ ታጥቦ በምጣድ ላይ ይድረቅና በሙቀጫ እንደ ዱቄት ይላም። ተቃጥሎ የላመ የከብት አጥንትም ይተካዋል።

አበሳሰሉ ላይ ችኮላ አያስፈልግም። ሳንባውና ሥጋው ከአውራ ጣት ባልበለጠ መጠን ይቆራረጥ። ባቄላው አስቀድሞ ለብቻው በደንብ ይቀቀል፤ በተለይ ቦሎቄ በጥሬው ወይም በከፊል ከበሰለ የሚያስመልስ መርዝ አለው፤ የተዘፈዘፈበትም ውሃ ይደፋ። ከዚያ ሥጋው ተጨምሮ፣ ድስቱ ተከድኖ፣ ውሃው መፍላት ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ቢያንስ 40 ደቂቃ ይፍላ። በ2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ እንጂ በ100 አይደለም፤ ስለዚህ ቆላ ላይ የሚበቃው ጊዜ እዚህ ሊያንስ ይችላል። ዱቄቱ በመጨረሻ ገብቶ እንደ ገንፎ ይማሰል። ቆጮም ከሆነ ተፈርፍሮ አብሮ ይብሰል። ድስቱ ከወጣ በኋላ የቅርፊቱ ዱቄት ይነስነስበት። ቋጠሮ የበዛበት ሳንባ ግን ከነጭራሹ ወደ ድስት አይግባ፤ ይቃጠል ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ይቀበር።

«ለውሻ ማገዶ ማንደድ ቅንጦት ነው» የሚል ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም። ቦሎቄው ለቤተሰቡ ሲቀቀል የውሻው ድርሻ አብሮ ቢቀቀል፣ ሥጋውም በምድጃው በቀረው ፍም ላይ ቢያልፍ ተጨማሪው ማገዶ ብዙ አይሆንም። ከዚህ የሚከብደው ሌላ ጥያቄ ነው፦ ልጆች እንቁላል በማያገኙበት ቤት ለውሻ እንቁላል ስጡ ማለት ተገቢ አይደለም። በዚህ ቀለብ ውስጥ እንቁላሉ የልጁ ነው፤ ቅርፊቱ የውሻው። ጉበቱ የቤተሰቡ ነው፤ ሳንባው የውሻው። ባቄላው ብቻ ከቤተሰቡ ጋር የሚጋሩት ነው፤ እሱም በወር ሲሰላ አንድ ኪሎ ተኩል ይሆናል። ሥጋ በማይገኝበት ሳምንት ባቄላው እጥፍ ሆኖ፣ የአይብ ውሃ ወይም አሬራ ቢታከልበት ውሻው ሳይጎዳ ይሰነብታል።

የ10 ኪሎ ውሻ ከላይ ከተጠቀሰው ሦስት አራተኛውን፣ የ20 ኪሎው ደግሞ ሩብ ተጨምሮበት ያገኛል። ክብደቱ እጥፍ ስለሆነ መኖው እጥፍ አይሆንም። መጠኑ አንድ ጊዜ በሚዛን ከተለካ በኋላ በቤት ባለ ጣሳ ላይ ምልክት ቢደረግ በየቀኑ መመዘን አያስፈልግም። ጣሳው ግን የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበት አይሁን። ከአንድ ወር በኋላ ጎድኑ በእጅ ይዳሰስ፦ ሲዳሰስ የሚቆጠር፣ ከሩቅ ግን የማይታይ ከሆነ ልኩ ነው። ማታ ለሚጠብቅ ውሻ ሰፋ ያለው ቀለብ ጠዋት ከጥበቃ ሲመለስ፣ ቀለል ያለው አመሻሽ ላይ ቢሰጠው ይስማማዋል። ንጹሕ ውሃ ሁልጊዜ ከአጠገቡ አይጥፋ።

በዚህ አካባቢ በተለይ የሚጠነቀቁለት

ቡና ለውሻ መርዝ ነው። በአሪቻ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። 100 ግራም ጥሬ ቡና ወደ 1.2 ግራም ካፌይን አለው። ይህ ለ15 ኪሎ ውሻ በእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 80 ሚሊ ግራም ማለት ሲሆን ልቡን ሊያዛባና ሊያንቀጠቅጠው የሚችል መጠን ነው። የቀይ ቡና ልጣጭ፣ የተፈላ ቡና አተላ፣ የቡና ቅጠል ሻይም ካፌይን አላቸው። የራበው ውሻ ጣፋጭ የሆነውን የቀይ ቡና ልጣጭ ሊቀምስ ስለሚችል፣ በማጠቢያ ጣቢያ የሚኖር ውሻ ከልጣጭ ክምር ርቆ ይታሰር ወይም ጠግቦ ይዋል።

ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ። ቀይ ሽንኩርት በኪሎ ክብደቱ ከ15 እስከ 30 ግራም ከደረሰ ጉዳቱ ግልጽ ይሆናል፤ ጥቂት በጥቂት በየቀኑ መስጠትም ደሙን ያሳንሰዋል። መቀቀል መርዙን አያጠፋውም። ስለዚህ የወጥ ትራፊ፣ በበርበሬውም በሽንኩርቱም፣ የውሻ ምግብ አይደለም። የውሻው ድርሻ ሽንኩርቱ ድስት ከመግባቱ በፊት ይነሣ።

የሻገተ በቆሎን «ለውሻ ይሆናል» ብሎ ማስቀመጥም የተለመደ ስሕተት ነው። ውሻ የሻጋታን መርዝ ከሌሎች እንስሳት ይልቅ አይችልም፤ ጉበቱ ይበላሻል። በ2005 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በአሜሪካ በሻገተ በቆሎ የተሠራ የፋብሪካ መኖ በርካታ ውሾችን ገድሏል። ይህም መርዝ በማብሰል አይጠፋም። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ሲሰበር እንደ መርፌ ስለሚሾል አንጀት ይበሳል። የጉሎ ፍሬም ከግቢው ይራቅ።

የማኅበሩ ድርሻ

አንድ ገበሬ የራሱን ውሻ ቢጠብቅና ጎረቤቱ ጥሬ ሳንባ ቢወረውር የሚገኘው ጥቅም ትንሽ ነው። ሥራው የማኅበር ሥራ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ለገና፣ ለፋሲካ፣ ለሠርግና ለደራሮ በዓል በየደጁ ብዙ እርድ በሚደረግበት ወቅት፣ ማኅበሩ ከእርዱ ቀን በፊት በየመንደሩ አንድ ክዳን ያለው የሆድ ዕቃ ጉድጓድ ቢያስቆፍር፣ ውሾችም በዕለቱ ታስረው እንዲውሉ ቢያደርግ፣ ከዓመቱ አደጋ ብዙው በዚያ ቀን ይቀንሳል። ብዙ ኃይል የሚፈልግ ሥራ አይደለም፤ የሚፈልገው አስቀድሞ መነጋገር ነው።

ትሉን ለመግደል ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት በኪሎ ክብደት 5 ሚሊ ግራም ይሰጣል። 50 ሚሊ ግራም የሆነው ክኒን ለ15 ኪሎ ውሻ አንድ ተኩል ይሆናል። ማኅበሩ ከወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጋር ተነጋግሮ በአንድነት ቢገዛና በአንድ ቀን ለመንደሩ ውሾች ሁሉ ቢሰጥ ይመረጣል። መድኃኒቱ ትሉን እንጂ እንቁላሉን አይገድልም። ስለዚህ ውሻው ለሁለት ቀን ታስሮ ዓይነ ምድሩ ይቃጠል ወይም በጥልቅ ይቀበር፤ የሚያጸዳውም ሰው እጁን በሳሙና ይታጠብ። ጥሬ የሆድ ዕቃ የማያገኝ ውሻ መድኃኒቱን አዘውትሮ አይፈልግም። ጥሬ መብላቱ ያልቆመ ውሻ ግን በየስድስት ሳምንቱ ቢወስድም እንደገና ይያዛል፤ ድስቱ ከክኒኑ የሚቀድመው ለዚህ ነው።

በዚያው ቀን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ቢሰጥ ድካሙ አንድ ይሆናል። ክትባቱ ሦስት ወር ከሞላቸው ቡችሎች ጀምሮ በየዓመቱ ይደገማል። ያልተከተቡና እንደልብ የሚዞሩ ውሾች ጉዳት ከመንደር የሚያልፍ መሆኑን በባሌ ተራሮች አይተነዋል፤ በ2003 እ.ኤ.አ. ከውሾች የተላለፈው ይኸው በሽታ በአገራችን ብቻ የሚገኘውን ቀይ ቀበሮ በዌብ ሸለቆ በብዛት ፈጅቶታል። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ ታጥቦ ሳይዘገይ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ስለ ቡችሎችና ስለ እርጉዞች ጥቂት እንጨምር። ጡት የተወ ቡችላ ሆዱ ትንሽ፣ ፍላጎቱ ግን ብዙ ስለሆነ በቀን ሦስትና አራት ጊዜ ይመገብ። በኪሎ ክብደቱ ሲሰላ ከሙሉ ውሻ እጥፍ ያህል ይበላል፤ ቅርፊቱም በዚያው ልክ ይጨመርለት፤ ከዱቄቱ ይልቅ ሥጋው፣ ባቄላውና ወተቱ ይብዛለት። እርጉዝ ውሻ በመጨረሻዎቹ ሦስት ሳምንታት ቀለቧ በሩብ ይጨመር፤ ስታጠባ ደግሞ እንደ ቡችሎቿ ቁጥር እስከ እጥፍና ከዚያ በላይ ልትበላ ስለምትችል ድስቱ ከፊቷ ባይነሣ ይሻላል።